«ሜክ አፕ»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግስ ፍቺዎችና የአማርኛ አቻዎቻቸው

በእንግሊዝኛ ሰዋስው «ሐረጋዊ ግስ» የሚባለው አንድ ግስ ከአንድ ወይም ከሁለት ንኡሳን ቃላት ጋር ተጣምሮ፣ ከየክፍሎቹ ፍቺ በቀላሉ የማይገመት ሌላ ፍቺ ሲያስገኝ ነው። «ሜክ» ለብቻው «ሠራ፣ አደረገ» የሚል ፍቺ አለው፤ «አፕ» ደግሞ ወደ ላይ የሚያመራ አቅጣጫን ያመለክታል። የሁለቱ ጥምረት የሆነው «ሜክ አፕ» ግን «ወደ ላይ ሠራ» ማለት አይደለም። እንደ አገባቡ «ተዋቀረ»፣ «ፈበረከ»፣ «ታረቀ»፣ «አካካሰ»፣ «ቆረጠ»፣ «ተኳኳለ» ወይም «አሰናዳ» ተብሎ ይተረጎማል። አማርኛ ለእነዚህ ድርጊቶች ለእያንዳንዳቸው የተለየ ግስ ስላለው፣ አፉን በአማርኛ የፈታ አንባቢ በመካከላቸው አንዳች ዝምድና ይኖራል ብሎ አይጠብቅም።

የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ችግር የሚፈቱት ብዙውን ጊዜ ፍቺዎቹን በዝርዝር አስቀምጦ ተማሪው እንዲሸመድድ በማድረግ ነው። ዝርዝሩ ግን አንባቢው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲገጥመው የትኛውን ፍቺ እንደሚመርጥ አይነግረውም። ከዚህ በታች የሚቀርበው ትንተና እንደሚያሳየው፣ የ«ሜክ አፕ» ፍቺ የሚታወቀው ከአጃቢዎቹ ነው፦ ባለቤቱ ማን ነው? ተሳቢ አለ ወይስ የለም? ተሳቢው ከድርጊቱ በፊት የነበረ ነገር ነው? ከግሱ በኋላ የመጣው መስተዋድድ የትኛው ነው? በተለይ በጥናታዊ ጽሑፎች ውስጥ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ገለልተኛ የሆነውን ገለጻ ወደ ክስ፣ ክሱን ደግሞ ወደ ሙገሳ ሊለውጥ ይችላልና።

የሐረጋዊ ግስ አስቸጋሪነትና ሽሽቱ

ችግሩ አዲስ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ግስን ከንኡስ ቃል ጋር በማጣመር ፍቺውን መለወጥ በእንግሊዝኛ እጅግ የተለመደ መሆኑንና ለባዕድ ተማሪም ዋነኛ ፈተና እንደሚሆንበት አስቀድሞ ጠቁሟል። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስያሜ በስፋት የታወቀው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ሎጋን ፒርሶል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ስለ ቃላትና ፈሊጦች በሚናገረው መጽሐፉ አማካይነት ነው፤ ስሚዝ ራሱ ስያሜውን ያገኘው ከመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ከሄንሪ ብራድሊ መሆኑን ገልጿል።

በታሪክ ረገድ ጥንታዊው እንግሊዝኛ በግስ መነሻ ላይ የሚቀጠሉ በርካታ ምዕላዶች ነበሩት። በመካከለኛው ዘመን ብዙዎቹ ምዕላዶች እየደከሙ ሲሄዱ፣ ከግሱ በኋላ የሚመጡ ንኡሳን ቃላት ቦታቸውን ያዙ። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ደግሞ ከፈረንሳይኛና ከላቲን የተወሰዱ ግሶች በብዛት ገቡ። በዚህም የተነሣ ለ«ሜክ አፕ» ፍቺዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ከላቲን የመጣ ባለ አንድ ቃል ተፎካካሪ ይገኛል፦ ለማዋቀር «ኮንስቲትዩት»፣ ለመፈልሰፍ «ኢንቬንት»፣ ለመታረቅ «ሪኮንሳይል»፣ ለማካካስ «ኮምፔንሴት»፣ ለመወሰን «ዲሳይድ»። ሐረጋዊው ግስ የቤትና የመንገድ ቋንቋ፣ የላቲኑ ግስ የጉባኤና የጽሕፈት ቋንቋ ሆነው ኖረዋል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ዓይነት የደረጃ ልዩነት በዕለታዊው አማርኛና ከግእዝ በሚወሰዱ ቃላት መካከል ስለሚያውቀው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ተማሪዎች ታዲያ ከሁለቱ የትኛውን ይመርጣሉ? መናኸም ዳጉትና ባቲያ ላውፈር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ አፋቸውን በዕብራይስጥ የፈቱ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ሐረጋዊ ግስን ሸሽተው ባለ አንድ ቃሉን ግስ እንደሚመርጡ አሳይተዋል፤ ሽሽቱ ይበልጥ የበረታውም ፍካሬያዊ ፍቺ ባላቸው ሐረጋዊ ግሶች ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ያገኙት ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ መዋቅር የሌለው በመሆኑ ላይ ነው። ላውፈርና ኤሊያሰን እ.ኤ.አ. በ1993 በስዊድንኛ ተናጋሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ተመሳሳይ ሽሽት አላገኙም፤ ስዊድንኛ የራሱ ሐረጋዊ ግሶች አሉት። በሌላ በኩል ሁልስታይንና ማርቼና እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳዩት፣ መዋቅሩ በቋንቋቸው የሚገኝ የደች ተናጋሪዎችም ቢሆኑ እጅግ ፈሊጣዊ የሆኑትን ሐረጋዊ ግሶች ያስወግዳሉ። ስለዚህ የመዋቅር ልዩነት ብቻውን ሁሉን አያስረዳም።

ዕብራይስጥና አማርኛ ሴማውያን ቋንቋዎች በመሆናቸው የ1985ቱን ግኝት እንዳለ ወደ አማርኛ ማሻገር ያጓጓል። ይሁን እንጂ አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያን ያህል ባዳ አይደለም። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» በሚሉት ጥምር ግሶች ውስጥ «አለ» የ«ተናገረ» ፍቺውን ጥሎ የጥምረቱ ምሰሶ ብቻ ሆኖ ይቆማል፤ ልክ «ሜክ» በ«ሜክ አፕ» ውስጥ የ«ሠራ» ፍቺውን እንደሚያደበዝዝ። የንኡስ ቃሉን ሥራ የሚመስል ነገር ደግሞ በአማርኛ ቅጥያዎች ላይ ይታያል። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»፣ «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» ግሳቸው አንድ ነው፤ አንዲት ፊደል ግን ባለጉዳዩን ነጻ ታወጣዋለች ወይም ታስቀጣዋለች። ንኡስ ቃሉ «አፕ» በብዙ ግሶች ላይ የሚጨምረውን የ«ሙሉ በሙሉ» ስሜትም አማርኛ በራሱ መንገድ ይገልጸዋል፤ እንግሊዝኛ «ድሪንክ አፕ» የሚለውን አማርኛ «ጭልጥ አድርጎ ጠጣ»፣ «ኢት አፕ» የሚለውን «ጥርግ አድርጎ በላ» ይለዋል። የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ችግር እንግዲህ መዋቅሩን ጨርሶ አለማወቁ አይደለም። ችግሩ አንዱ ጥምረት ብዙ ፍቺ መሸከሙ ነው። ጋርድነርና ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2007 በብሪታንያ ብሔራዊ የቋንቋ ክምችት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ እጅግ የሚዘወተሩት 100 ሐረጋዊ ግሶች በአማካይ ለእያንዳንዳቸው 5.6 ፍቺ እንዳላቸው ቆጥረዋል።

ፍቺን የሚወስኑ አጃቢዎች

ሱዛን ሊንድነር እ.ኤ.አ. በ1981 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት፣ «አፕ» እና «አውት» በሐረጋዊ ግሶች ውስጥ በዘፈቀደ የገቡ ሳይሆኑ እርስ በርስ የተሳሰሩ የፍቺ መረቦች እንዳሏቸው ተከራክራለች። በዚህ መንገድ የሚያስብ ሰው ለ«ሜክ አፕ» ፍቺዎችም አንድ የጋራ ሥር ሊያገኝ ይችላል፤ እርሱም «ያልተሟላውን ሙሉ ማድረግ» ነው። ክፍሎች ተሰባስበው አንድ አካል ይሆናሉ፤ የጎደለው ይሞላል፤ የተቋረጠው ወዳጅነት ይቀጠላል፤ የተበታተነው ሐሳብ አንድ ላይ ይረጋል። ማብራሪያው ለማስታወስ ይረዳል። ለመተንበይ ግን አይረዳም፤ የጋራውን ሥር የሚያውቅ ተማሪ እንኳ በፊቱ ያለው «ሜክ አፕ» ዕርቅ ይሁን ካሳ የሚለየው ዙሪያውን አይቶ ነው።

በመጀመሪያ የማዋቀርን ፍቺ መመልከት ይገባል፤ በጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ አዘውትሮ የሚገኝና ቀላል መስሎ የሚያታልል ነውና። በዚህ ፍቺ የግሱ ባለቤት ክፍሎቹ ሲሆኑ ተሳቢው ከክፍሎቹ የሚገኘው አካል ነው፦ «ሴቨን ሜምበርስ ሜክ አፕ ዘ ኮሚቲ»። ይህን ቃል በቃል «ሰባት አባላት ኮሚቴውን አዋቀሩ» ብሎ የተረጎመ ሰው ሳያውቀው ሌላ ታሪክ ጽፏል። የአማርኛው ዐረፍተ ነገር ሰባት ሰዎች ተነሥተው ኮሚቴ እንዳቋቋሙ ይናገራል፤ የእንግሊዝኛው ግን ኮሚቴውን ማን እንዳቋቋመው አንዳች አይልም። ትክክለኛው አቻ «ኮሚቴው ሰባት አባላት አሉት» ወይም «ኮሚቴው በሰባት አባላት የተዋቀረ ነው» የሚለው ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ሴቶች ከተማሪዎቹ ግማሹን «ሜክ አፕ» ያደርጋሉ ሲባል፣ በአማርኛ «ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው» ማለት ይበቃል። ግሱ ተገብሮ ሆኖ «ኦቭ» ሲከተለው («ሜድ አፕ ኦቭ») ከማዋቀር ውጪ ሌላ ፍቺ የለውም ማለት ይቻላል፤ ለአንባቢም የተሻለው ምልክት ይህ ነው።

ባለቤቱ የተሳቢው ክፍል ሳይሆን ድርጊቱን የሚፈጽም ሰው ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ ተሳቢው ከድርጊቱ በፊት ነበረን? ሁለት ተቀራራቢ ዐረፍተ ነገሮች ይህን ያሳያሉ። «ዘ ቲቸር ሜድ አፕ አን ኤግዛም» ሲባል መምህሩ ያልነበረ ፈተና አዘጋጀ ማለት ነው። «ዘ ስቱደንት ሜድ አፕ ዘ ኤግዛም» ሲባል ግን ተማሪው ቀድሞ ተሰጥቶ ያመለጠውን ፈተና በሌላ ቀን ተፈተነ ማለት ነው። በመጀመሪያው ላይ ፈተናው በድርጊቱ ተፈጠረ፤ በሁለተኛው ላይ ፈተናው ነበረ፣ የጎደለው የተማሪው መገኘት ነው። «አን» እና «ዘ» የሚሉት መስተአምራን ልዩነቱን ይጠቁማሉ፤ ይህም አያስደንቅም፣ እንግሊዝኛ አዲስ የሚገባውን ነገር በ«አን» ወይም በ«ኤ»፣ የታወቀውን በ«ዘ» ያስገባልና። ፍንጩ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። «ሺ ሜድ አፕ ዘ ሆል ስቶሪ» በሚለው ውስጥ ተሳቢው «ዘ» ቢኖረውም ፍቺው «ታሪኩን በሙሉ ከራሷ ፈጠረችው» ነው፤ ታሪኩ ቀድሞ የተወራ በመሆኑ የታወቀ ሆኖ ቀረበ እንጂ እውነትነት አልነበረውም።

በማካካስ ፍቺ ብዙውን ጊዜ «ፎር» ይከተላል። «ሜክ አፕ ፎር ሎስት ታይም» ማለት የባከነውን ጊዜ ማካካስ ነው። ካሳው ለሰው ሲሆን «ቱ» ይመጣና «ኢት» የምትለው ተውላጠ ስም በመሀል ትገባለች፦ «አይል ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ»፤ በአማርኛ «እክስሃለሁ»። አማርኛ የሚካሰውን ሰው በቀጥታ የግሱ ተሳቢ ያደርገዋል፤ እንግሊዝኛ ግን ጉዳዩን በ«ኢት» ወክሎ ሰውየውን ከመስተዋድድ በኋላ ያስቀምጠዋል። «ኢት» ከወደቀችና «ሜክ አፕ ቱ» ብቻ ከቀረ ፍቺው ፈጽሞ ይለወጣል፤ በተለይ በብሪታንያ እንግሊዝኛ ለጥቅም ሲባል ሰውን መለማመጥ፣ ማሽቃበጥ ማለት ይሆናል።

ሌሎቹ ፍቺዎች ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም። ተሳቢው «ማይንድ» ከሆነ ፍቺው መወሰን ነው። እንግሊዝኛ ሐሳቡን አሟልቶ ሲገነባ አማርኛ ይቆርጠዋል፦ «ለመሄድ ቆረጠ»፣ «ቁርጥ ሐሳብ አደረገ»። (የላቲኑ ተፎካካሪ «ዲሳይድ»ም በሥርወ ቃሉ «መቁረጥ» ማለት መሆኑ አማርኛንና ላቲንን በዚህች ነጥብ ላይ ያገናኛቸዋል።) ተሳቢው «ፌስ» ከሆነ መኳኳል ነው፤ የአማርኛው ግስ ራሱ ከ«ኩል» የወጣ በመሆኑ አንዱን የመዋቢያ ዓይነት ወስዶ ለሁሉም አድርጎታል። ተሳቢው አልጋ ከሆነ ማንጠፍ፣ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ከሆነ መቀመም ነው። በሊቨርፑል አካባቢ ደግሞ አንድ ሰው «አይም ሜድ አፕ» ካለ እጅግ ተደስቷል።

መረጃን «ሜክ አፕ» ማድረግ

ከሁሉም ይልቅ ለተመራማሪ የሚያሳስበው የመፈብረክ ፍቺ ነው። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የምርምር ሥነ ምግባር ጥሰት ፖሊሲ ሦስት ዋና ዋና ጥሰቶችን ይለያል፦ መረጃን መፈብረክ፣ መረጃን ማዛባትና የሌላን ሰው ሥራ መመንተፍ። የመጀመሪያውን ሲበይን የሚጠቀመው ግስ «ሜክ አፕ» ነው፤ መረጃን ወይም ውጤትን «ሜክ አፕ» ማድረግና ያንኑ መመዝገብ ወይም ማሳወቅ ጥሰት ነው ይላል። ማዛባት ግን የነበረን መረጃ መለወጥን ወይም መተውን ይመለከታል። ከላይ የተጠቀሰው ጥያቄ፣ ማለትም «ተሳቢው ከድርጊቱ በፊት ነበረን?» የሚለው፣ እዚህ ላይ ሁለት ጥፋቶችን የሚለይ መስመር ሆኖ ይገኛል። በፈጠራው መረጃ ውስጥ መልስ የሰጠ ሰው የለም፤ በተዛባው ውስጥ ሰውየው ነበረ፣ መልሱ ግን ተለወጠ።

ይህን ብያኔ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የመጀመሪያው ዝንባሌው «መረጃ መፍጠር» ማለት ነው። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። «ፈጠረ» በአማርኛ ክቡር ግስ ነው፤ የፈጣሪ ሥራ ይገለጽበታል፣ «የፈጠራ ሥራ» የሚያሸልም ነው፣ «የፈጠራ ጽሑፍ» የኪነ ጥበብ ዘርፍ ነው። «አዲስ መረጃ ፈጠረ» የሚል ዐረፍተ ነገር የተነበበለት ሰው ተመራማሪው አዲስ ዕውቀት አበረከተ ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። የእንግሊዝኛው ግስ ግን በዚህ ዐውድ ለክብር ቦታ የለውም፤ እንግሊዝኛ አዲስ መረጃ ማመንጨትን በ«ጀነሬት»፣ የሌለ መረጃ አለ ማለትን በ«ሜክ አፕ» ለያይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ የሥነ ምግባር መመሪያ በአማርኛ ሲዘጋጅ «መፍጠር» የሚለው ብቻውን አይበቃም። «መፈብረክ» የተሻለ ነው፤ «ወሬ ፈበረከ»፣ «ማስረጃ ፈበረከ» በሚሉት አገባቦች ነቀፌታን ይዟልና። ግሱ የተበጀው ከጣሊያንኛ ከመጣው «ፋብሪካ» ሲሆን፣ የብያኔው ርእስ የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል «ፋብሪኬሽን»ም ከዚያው የላቲን ሥር የወጣ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በተለያየ ጊዜ ከአንድ ምንጭ ተነሥተው አንድ ነቀፌታ ላይ ደርሰዋል። «መፈብረክ» በአንዳንድ አገባብ ዕቃ ማምረትን ስለሚያስታውስ፣ በመመሪያ ውስጥ ማብራሪያ ቢታከልበት ይመረጣል፦ «ያልተሰበሰበን መረጃ እንደተሰበሰበ አስመስሎ ማቅረብ»። ይህ አገላለጽ ረዘም ቢልም ለሁለት ትርጉም በር አይከፍትም።

የተገላቢጦሹ ስሕተትም አለ፤ ጉዳቱም አያንስም። እንግሊዝኛ «ሜክ አፕ ዘ ነምበርስ» የሚል ፈሊጥ አለው። ፍቺው «ቁጥሮቹን ፈበረከ» አይደለም። «ለቁጥር ማሟያ ገባ» ማለት ነው፤ አንድ ሰው የሚፈለግበት ልዩ ችሎታ ሳይኖር ቡድኑ እንዳይጎድል ሲባል መገኘቱን ይገልጻል። ለምሳሌ ያህል «ሁለት ተሳታፊዎች ከጎረቤት ቀበሌ የተጋበዙት ‹ቱ ሜክ አፕ ዘ ነምበርስ› ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር በአንድ የመስክ ሪፖርት ውስጥ ቢገኝ፣ ሪፖርቱ የናሙና አመራረጥ ድክመትን እያመነ ነው። ተርጓሚው «ቁጥሮችን ለመፈብረክ» ካለው ግን ድክመቱ ወንጀል ይሆናል። የበለጠ አሻሚ የሚሆነው ፈሊጡ በኀላፊ ጊዜ ሲመጣ ነው፦ «ዘይ ሜድ አፕ ዘ ነምበርስ»። ይህ ዐረፍተ ነገር ከዐውዱ ተነጥሎ ሲታይ ሁለቱንም ፍቺ ይቀበላል። የሚለየው የባለቤቱ ማንነት ነው፤ «ዘይ» የተጋበዙ ሰዎች ከሆኑ ማሟያ ናቸው፣ የሪፖርቱ አዘጋጆች ከሆኑ ግን ተከሰዋል። በቃል የሚናገር ሰው በድምፁ አወጣጥ ሊለየው ይችላል፤ ጽሑፍ ግን ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ በገጹ ላይ የሚቀረው መንገድ ወደ ቀደሙት ዐረፍተ ነገሮች ተመልሶ «ዘይ» ማንን እንደሚተካ ማረጋገጥ ነው።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ

እስካሁን የታየው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ያለው ጉዞ ነው። በማኅበራዊ ሳይንስ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚጓዙት በተቃራኒው ነው፤ ቃለ መጠይቁን በአማርኛ ያደርጋሉ፣ ጥናታቸውን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። እዚህ ላይ «ታረቁ» የሚለው ግስ ጥንቃቄ ይሻል።

በዕርቅ ፍቺው «ሜክ አፕ» ተሳቢ አይወስድም፤ ባለቤቱ የተጣሉት ሁለቱ ወገኖች ናቸው፣ ወይም አንዱ ወገን ባለቤት ሆኖ ሌላው በ«ዊዝ» ይገባል። ከሰዋስዉ ይልቅ የሚያስቸግረው ክብደቱ ነው። በዚህ ግስ የሚታረቁት ጓደኛሞች፣ ፍቅረኛሞች፣ እኅትና ወንድም፣ የጨዋታ ጠብ የተጣሉ ልጆች ናቸው። አስታራቂ አያስፈልጋቸውም፣ ካሳ አይቆረጥም፣ ምስክር አይቆምም። የአማርኛው «ታረቁ» ግን ከልጆች ኩርፊያ እስከ ደም ድረስ ይዘልቃል። ሽማግሌ ተልኮ፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠይቆ፣ ካሳ ተወስኖ የሚፈጸመውን የደም ዕርቅ በእንግሊዝኛ «ዘ ቱ ፋሚሊስ ሜድ አፕ» ብሎ የጻፈ ተመራማሪ ሰዋስዋዊ ስሕተት አልሠራም፤ ሆኖም አንባቢው ሁለት ቤተሰቦች ተኮራርፈው ቆይተው በሻይ ግብዣ ላይ እንደተቃቀፉ ሊያስብ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ዕርቅ «ወር ሪኮንሳይልድ» የሚለው ከላቲን የመጣው ግስ ተገቢ ነው፤ ሂደቱን የመሩት ሽማግሌዎችም በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ቢታዩ ይሻላል። ሐረጋዊ ግስን መሸሽ ሁልጊዜ የተማሪ ድክመት ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ እዚህ ላይ ትክክለኛው ውሳኔ መሸሽ ነው።

«አካካሰ» እና «ካሰ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። «የባከነውን ክፍለ ጊዜ አካካሰ» ለሚለው «ሜክ አፕ» በሚገባ ይስማማል። ፍርድ ቤት ለተጎጂ የሚወስነውን ካሳ ግን «ሜክ አፕ ፎር» አይሸከመውም፤ «ኮምፔንሴት» ያስፈልጋል። የጉዳቱ ክብደት ሲጨምር እንግሊዝኛ ከሐረጋዊው ግስ ወደ ላቲኑ ግስ የመሻገር ዝንባሌ አለው፤ አማርኛ ግን በአንድ ሥር ላይ እየቆየ ክብደቱን ለዐውዱ ይተዋል።

«ሜካፕ» በአማርኛ አፍ

ሐረጋዊው ግስ በስም መልክ ወደ አማርኛም ገብቷል። በእንግሊዝኛ «ሜካፕ» የሚለው ስም ለመዋቢያ የዋለው በ19ኛው መቶ ዘመን ከቴአትር ቤት ተነሥቶ ነው፤ ተዋናዩ ለመድረክ የሚያደርገውን ዝግጅት ይገልጽ ነበር። ወደ አማርኛ የመጣው ይህ ፍቺና ከትምህርት ተቋማት የመጣው ሌላ ፍቺ ነው፦ ላመለጠው ተማሪ በድጋሚ የሚሰጥ ፈተና፣ ወይም ላልተካሄደ ትምህርት ማካካሻ የሚሆን ክፍለ ጊዜ። ማዋቀር፣ መፈብረክ፣ መታረቅና መወሰን አብረው አልገቡም፤ አማርኛ ለእነዚህ የራሱ ቃላት ሞልተውታልና አላስፈለጉትም።

ትኩረት የሚስበው አማርኛ ሁለቱን ፍቺዎች የሚለይበት መንገድ ነው። «ሜካፕ ተቀባች» እና «ሜካፕ ተፈተነች» በሚሉት ውስጥ ስሙ አንድ ነው፤ ፍቺውን የሚወስነው ከኋላው የሚመጣው ግስ ነው። «ዛሬ ሜካፕ አለኝ» የምትል ተማሪ በምን ምክንያት እንደምትቸኩል ከግሱ አይታወቅም፤ የምትናገርበት ቦታና ጊዜ ይለየዋል። እንግሊዝኛ በመስተዋድድና በተሳቢ የሚሠራውን መለያ አማርኛ ለተዋሰው ቃል በራሱ ግስ አበጅቶለታል፤ ይህንንም ያለ መምህርና ያለ መዝገበ ቃላት ተናጋሪው ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ዕውቀት ለማስተማሪያነት ቢውል ጥሩ መነሻ ይሆናል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላት የመረጠው መንገድም ለዚህ የቀረበ ነው፤ ለእንግሊዝኛው ቃል ነጠላ አቻ ከመስጠት ይልቅ ቃሉ የሚገባበትን ዐረፍተ ነገር ሰጥቶ ሙሉ ትርጉሙን በአማርኛ ያስቀምጣል። በየኮምፒውተሩ የሚገኙ የትርጉም መሣሪያዎች በበዙበት በዚህ ጊዜም ቢሆን የሚመጣውን ትርጉም መዝኖ የሚቀበለው ሰው ነው። መሣሪያው «መረጃ ፈጠሩ» ብሎ ሲመልስ፣ ያ መረጃ ከዚያ በፊት በማን አፍ ወይም በየትኛው መዝገብ ላይ እንደነበረ ወደ እንግሊዝኛው ገጽ ተመልሶ መጠየቅ የተመራማሪው ድርሻ ነው።